ነፋሱ ወሰደው

ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲያወራ ድምፁን ያሰማል፣ ሲጣላ ይጮሃል፣ ሲዘምር ደግሞ ያንሾካሹካል። ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፤ እኛ ቤት ሲዘመር ያየሁት እንደዚያ ብቻ ስለነበር ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ወደ ቤታችን ይመጣሉ። እናቴ አባይነሽ መጋረጃውን ትጋርዳለች። አባቴ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበርና ሲንጀር የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ መርገጫውን መርገጥ ይጀምራል። መኪናው ከች ከች ሲል እንግዶቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያንሾካሹካሉ። እኔ የምወደው መጨረሻው ላይ ሁሉም በአንድነት «አሜን» የሚሉበትን ነበር። ቃሉ አጭር ስለሆነ አልሳሳትም። አባቴን ግን በሆዴ እታዘበው ነበር። እንግዳ ቤት ሞልቶ፣ ሰው እየዘመረ፣ እሱ በሰንበት እንኳ ሥራውን አይተውም። ያ የሚረግጠው መኪና ክር እንዳልነበረው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ከጎረቤት ጆሮ የሚጋርደን የመኪናው ጩኸት ነበር።

አንድ ቀን አባቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ ለወታደሮች ልብስ ሊሰፋ ሩቅ አገር ሄዷል አለችኝ። መኪናውን ትቶ እንዴት ይሰፋል ብዬ ጠየቅኋት። እዚያ ሌላ መኪና አለ አለችኝ። ለወታደር የሚሰፋ አባት ያላት ሌላ ልጅ በሰፈራችን ስላልነበረች ኮራሁ፤ ለጓደኞቼም አወራሁ፤ ጓደኞቼም ለእናቶቻቸው ሲነግሩ እናቶቻቸው ወደ ጉዳያቸው ይዞሩ ነበር። በዚያ ስብሰባ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሲያሰማ አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ተቀምጦ ቀረ። ከጌታ ሌላ ለማንም እጄን አላነሣም ብሎ ነው። በዚያ ዘመን ይህን የሚያደርጉ የእኛ ሃይማኖት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እኔ ግን የማውቀው አንዱን ብቻ ነው።

አባቴ ከሄደ በኋላ የእናቴ ድምፅ ጠፋ። በፊት ከጓሮ ሆና ስትጠራኝ መንገድ ዳር ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን አጠገቤ ቆማ እንኳ ከንፈሯን ካላየሁ አልሰማትም። እሁድ እሁድ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ መኪናውን የምትረግጠው እሷ ሆነች። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ዝም ብላ ትረግጣለች። ስፌት እየተማረች መስሎኝ አንጀቴን በላችኝ፤ ምንም አትችልም ነበርና። እንግዶቹም እየቀነሱ ሄደው በመጨረሻ የቀረችው ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ብቻ ሆነች። እትዬ ጫልቱ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች፤ እሷ እንኳ እኛ ቤት ስትገባ ታንሾካሹካለች። እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ አይቼ የደረስኩበት መደምደሚያ፣ ቤታችን ውስጥ የጉሮሮ በሽታ አለ የሚል ነው።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ፉጨት እንደሆነም ደረስኩበት።

ፉጨት ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ነው። ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ስሙን የሚያውቀው በሥሩ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው። የከተማችንን የታቦር ተራራ ያህል ግርማ የለውም። ራሰ በራ ነው፤ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተቆልሎበት፣ በመካከሉ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎበት፣ ጫፉ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞራዎች ተራ ይዘው ቆመውበት ይውላል። ከምሳ በኋላ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በዳርቻው ያለውን አሞራ ገደልን ትቶ፣ የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ተሻግሮ ይመጣና እነዚያ ቋጥኞች መሐል ሲገባ ያፏጫል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እንግዳ ሰው የሆነ ጎረምሳ የሚጠራው መስሎት ይዞራል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለ ኮረብታው ብዙ ያወሩ ነበር። ከተማው ሳይቆረቆር የሲዳማ እረኞች ከብት ሲያግዱበት፣ ነፋሱ ሲያፏጭ ከብቱ በራሱ ወደ ቤት ይመለስ ነበር ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ኋላ አንድ ሀብታም ሰው ከኮረብታው ጀርባ፣ ነፋሱ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል፣ ትልቅ የእህል መጋዘን ሠራ። አብዮቱ ሲመጣ መጋዘኑ ተወረሰ። ቀጥሎ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ግዛቸው ኮረብታውን ባሕር ዛፍ እናልብሰው ብሎ ዘመቻ ጠራ። ሰፈሩ ወጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ችግኝ ተከለ፣ ተዘፈነ። በሳምንቱ ነፋሱ ችግኙን እየነቀለ እታች ሜዳው ላይ ዘራው። ጓድ ግዛቸው በጣም አዝኖ ኮረብታው አድኃሪ ነው አለ እየተባለ፣ ሰዉ በር ዘግቶ ይስቅ ነበር።

እናቴና እትዬ ጫልቱ ሳምንት ሳምንት ወደዚህ ኮረብታ ጭራሮ ለቀማ ይወጡ ጀመር። መጀመሪያ ትተውኝ ሄዱ። አልቅሼ አስቸገርኩና አንድ እሁድ ይዘውኝ ወጡ። ዳገቱ አድካሚ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ቀሚሳችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ ይገለብጠዋል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ጫፉ ላይ ደርሼ ዞር ስል ሐዋሳ ሁሉ ታየችኝ። ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶቿ፣ ዛፎቿ፣ ከዚያም ሐይቁ። ሐይቁ ያን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። እትዬ ጫልቱ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀምጣ ወደ ከተማው ዓይኗን ተከለች። እናቴ ጀርባዋን ለሐይቁና ለነፋሱ ሰጠች፤ ፊቷን ወደ መጋዘኑ ጣሪያ አዞረች፤ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች፤ ከዚያም አፏን ከፈተች።

ድምፅ ወጣ። እናቴ ውስጥ ያን የመሰለ ድምፅ አለ ብዬ አስቤም አላውቅ። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚያንሾካሹኩት ነው። እዚህ ግን ሙሉ ሆኖ፣ ወፍራም ሆኖ፣ ከደረቷ ይወጣና ነፋሱ ከአፏ ላይ ነጥቆት ይሄዳል። እኔ ከእሷ ጎን ቆሜ እንኳ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ነፋሱ በጀርባዋ ገብቶ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የተቀረቀረውን ድምፅ ገፍቶ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ጀርባዋን የሰጠችው። ለቀማው ሰበብ ነው፤ የመጣችው ለሕክምና ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዘምራ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ያንን ቆርቆሮ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። በጥበቃ የተከበበ የእህል መጋዘን ያን ያህል ምኑ ያስለቅሳል አልኩ በልቤ።

መጋዘኑ ውስጥ እህል አልነበረም፤ አባቴ ነበር። እሱና መሰሎቹ ጠያቂ ሳይገባላቸው እዚያ ታጉረው ነበር። ያ ለወታደር ልብስ የሚሰፋበት ሩቅ አገር ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነበር። እናቴ ያን ጫፍ የመረጠችው አስልታ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ፣ እላይ የሚዘመረውን ወደ ከተማው አያወርደውም፤ ጓድ ግዛቸውም ሰፈሩም አይሰማም። የሚወስደው ወደ ማዶ፣ ቁልቁል ወደ መጋዘኑ ነው። በሕይወት አለን፣ አልረሳንህም፣ አልደከምንም የምትለው በዚያ ነበር። ሌላ መንገድ አልነበራትም። አንድ ሰው ጠርጥሮ ቢናገር ደግሞ እሷም ትታሰራለች፤ እኔ የማን ልጅ እንደምሆን አስቡት።

ሕክምናው ግን በደንብ አልሠራላትም። ከኮረብታው ስትወርድ ድምፅዋ ተመልሶ ይጠፋል።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ለሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ለሠራተኞች ቀን፣ መዝሙር እንለማመድ ነበር። አስተማሪያችን ጋሽ ሸዋንግዛው ከመንዝ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ማተቡን ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ደብቆ ያስራል፤ አንገቱ ላይ በሙቀትም የማይፈታው ግራጫ ሻርፕ አለው። በአርባ ልጅ ፊት ቆሞ በማስመሪያ አየሩን እየቆረጠ ስለ አብዮቱና ስለ ወዝ አደሩ ያዘምረናል። ልጆቹ ይጮሃሉ። እኔ መዝሙር ሲሆን የሚደረገውን ጠንቅቄ ስለማውቅ አንሾካሹካለሁ። ልጆቹ ስርዓት የላቸውም ብዬ ታዝቤያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ጓድ ግዛቸው ልምምዳችንን ሊያይ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅ ይወዳል፤ ሥራውን ግን ከልጅ አብልጦ ይወዳል። እየዘመርን ሳለ በሰልፉ መሐል እየተንሸራሸረ ጆሮውን ወደ እያንዳንዳችን ሰጥቶ ያዳምጣል። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። በጋሽ ሸዋንግዛው ማስመሪያ ምልክት መዝሙሩ ሲቆም ጓድ ግዛቸው ጠየቀኝ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ለምን አትዘምሪም?»

«እየዘመርኩ ነው።»

«ግን አይሰማም።»

«መዝሙር እኮ አይሰማም» አልኩት፤ ይህን የሚያህል ሰው ይህን አለማወቁ ገርሞኝ። «እኛ ቤት የሚዘመረው እንዲህ ነው።»

ጓድ ግዛቸው ቀና ብሎ ጋሽ ሸዋንግዛውን ተመለከተው። ጋሽ ሸዋንግዛው ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ መጣ፤ አገጬን ቀና አድርጎ አንገቴን በሁለት ጣቱ ዳበሰ።

«ቶንሲል ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ። «ቤተሰቡን በሙሉ ይዞታል። ሌሎቹ ላይ እንዳይጋባ ወደ ቤቷ ልላካት።»

ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ አንገቴ ላይ ጠመጠመልኝና ወደ ደጅ መራኝ። እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የጠረጠርኩት በሽታ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ አስተማሪ መሰከረልኝ። እናቴን ለማጽናናት እየሮጥኩ ገብቼ እኔንም እንደያዘኝ፣ ጓድ ግዛቸውም መጥቶ እንዳየኝ፣ ምን እንዳለኝና ምን እንደመለስኩለት አንድ በአንድ ነገርኳት። እናቴ በሩን ዘግታ መጋረጃውን ጋረደች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸዋንግዛው ቤታችን መጣ። እናቴ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ወተት አቀረበችለት። እሱም ወተቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ዐቢይ ጾም ነበር። ነገሩ ትዝ ሲላት አፍራ ወተቱን አንሥታ ቆሎ አመጣች። እኔ ሻርፔን ጠምጥሜ እንደ በሽተኛ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። አስተማሪዬ ሐኪም ሆኖ እንደመጣ ነው የቆጠርኩት፤ ያወራውም ነበር ስለ ድምፅ። ጓድ ግዛቸውን ለጊዜው እንደሸኘው፣ ነገር ግን በበዓሉ ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ እኔን እንደሚያይ ነገራት። እናቴ ልጅቷን አስቀራታለሁ አለች። እሱ ይህ ደግሞ የባሰ ነው አላት።

«ወይዘሮ አባይነሽ፣ አርባ ልጅ ሲጮህ የምትሰማው ዝም ያለችው ናት። መጮህ መማር አለባት።»

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ቆሎውን እፍኙ ውስጥ አገላበጠ። ከዚያ እሁድ እሁድ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኖ ኮረብታው ላይ እንደሚያያቸው ነገራት። የእናቴ እጅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። እሱም ምንም እንደማይሰማ፣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል እስካለ ድረስ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ፣ ክረምት ገብቶ ነፋሱ መዞር ሲጀምር ግን መተው እንዳለባት መከራት። እኔ ይህን ሁሉ ለጉሮሮ የትኛው ነፋስ እንደሚስማማ የተሰጠ ምክር አድርጌ ያዝኩት። እናቴ ለምን ይህን እንደሚያደርግልን ጠየቀችው። የእኛ ሃይማኖት ሰው አልነበረም፤ በደህናው ዘመን ቢሆን የእነሱና የእኛ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታቸውም የቀዘቀዘ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

«እኔም ዲያቆን ነበርኩ» አላት። «አሁን እግዜር የለም ብዬ ነው የማስተምረው። ለልጆቼ እንጀራ ስል።»

ሲወጣ ሻርፑን ልመልስለት ብፈታ እስክትድኚ ይቆይ አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በኮረብታው ላይ ነው ብሎ አርባችንንም አሰልፎ ወደ ፉጨት አወጣን። ለእኔ ሕክምና እንደሆነ ስለማውቅ ከሁሉ ፊት ነበርኩ። ጫፉ ላይ ደርሰን ትልቁን ቋጥኝ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ይህ ዓለት ግራናይት እንደሚባል፣ ከዓለት ሁሉ ጠንካራው እንደሆነ፣ ነፋስ እንደማይበላው ነገረን። ሁላችንም ግራናይት፣ ግራናይት እያልን ደገምን። በኋላ እንዳነበብኩት ሐዋሳ ዙሪያ ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ግራናይት አይደለም። ጋሽ ሸዋንግዛው አማርኛና ሒሳብ ነበር የሚያውቀው። ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያየውም ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ለመዝሙሩ አሰለፈን። ፊታችን ወደ ሐይቁ ነበር፤ እሱ ግን በነፋስ ፊት የሚዘምር አቧራ ይበላል ብሎ ወደ መጋዘኑ በኩል አዞረን። ማን እዚያ እንዳለ አውቆ ይሆን እያልኩ ብዙ ዘመን አስቤአለሁ። አልጠየቅሁትም። በዓመቱ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ከሰፈራችን ወጣ፤ ልጠይቀው የምችልበት ዕድሜ ላይ ስደርስ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ማስመሪያውን አነሣ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ እናቴ እንዳደረገችው ጀርባዬን ለነፋሱ አመቻችቼ፣ ሻርፑን አውርጄ፣ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው ያው ሹክሹክታ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው አጠገቤ መጥቶ እሱ ራሱ መጮህ ጀመረ፤ የዲያቆን ጉሮሮ ነው፤ ያ ቀጭን ሰው ከልጆቹ ሁሉ በላይ ስለ ወዝ አደሩ ያስተጋባል። ነፋሱ ገፋኝ። የሆነ ነገር ከደረቴ ተፈታ፣ ድምፄ ወጣ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጮኽኩ፤ ከልጆቹ ኋላ ኋላ እየተጎተትኩ፣ ግጥሙን እያምታታሁ፣ በሙሉ ኃይሌ ጮኽኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ዝም አለ። ነፋሱም በዚያች ቅጽበት ትንፋሽ ያጠረው ይመስል ጋብ ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ መዝሙር ሲያልቅ የሚባለውን አውቃለሁ።

«አሜን!» አልኩ፤ ብቻዬን፤ ባለኝ አቅም።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ሸዋንግዛው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቶሎ ብሎ ወደ ከተማው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ቁጥቋጦው ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ነፋሱ ተመልሶ መጣና ቋጥኞቹ ማፏጨት ጀመሩ። አስተማሪዬ ትከሻዬን ይዞ ጎንበስ አለና «ምንም አይደል፣ ነፋሱ ወሰደው» አለኝ። ልጆቹ ይህን ወደ ቤት ይዘውት እንዳይሄዱ ያሰጋው መሰለኝ፣ ዳር ዳሩን ሲያይ አንድ አባ ኮዳ ተነሥቶ የአንዱን ልጅ ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች በኩሱ አበላሸው። እስከ ሰፈር ድረስ የተሳቀው በዚያ ነው። የኔ አሜን ተረሳ።

ቤት ስደርስ ድኛለሁ እያልኩ ለእናቴ የአብዮቱን መዝሙር ቤቱ እስኪናጋ ዘመርኩላት። እናቴ ሳቀች፤ አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ሁለቱንም በአንድ እጇ አፏ ላይ ይዛ ልታስቀራቸው ሞከረች። እኔም መከርኳት። ከእትዬ ጫልቱ ጋር ሁለት ሆናችሁ ስለምትሄዱ ነው የማትድኚው፣ አርባ ሆናችሁ ሂዱ አልኳት።

የበዓሉ ቀን ጮኽኩ። ጓድ ግዛቸው ከፊት ወንበር ሆኖ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ሲያበቃም ከረሜላ ሰጠኝ። መጨረሻው ላይ አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ሸዋንግዛው አርባውን ልጅ ትቶ እኔን ብቻ እያየ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አሜኔን ዋጥኩት።

አባቴ በሚቀጥለው ዓመት በጥምቀት ሰሞን ተለቀቀ። ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ገባ። እኔ ለወታደር ሲሰፋ ኖሮ የራሱን ሸሚዝ ሳያጠብብ መቅረቱ ገረመኝ። እናቴ ምግብ አቅርባ ከጎኑ ቁጭ አለች። ሲበላ ዓይን ዓይኑን ታያለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እሁድ እሁድ ትሰማኝ ነበር?»

አባቴ ያነሣውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰ። «አንዱም አላመለጠኝም» አላት።

እናቴ የዚያን ቀን ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ሩቅ አገር ያለ ሰው እንዴት ይሰማል ብዬ ሳቅሁባቸው፤ እነሱም አብረውኝ ሳቁ።

ዘመኑ አለፈ። በሰማንያ ሦስት ደርግ ሲወድቅ የጸሎት ቤታችን ተከፈተ። የመጀመሪያው እሁድ ሰዉ ጣሪያው እስኪነሣ ዘመረ፤ እትዬ ጫልቱማ የከተማውን ግማሽ ሳትቀሰቅስ አልቀረችም። እናቴ በመሐላቸው ቆማ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ታንሾካሹክ ነበር። አልቻለችም። እስክትሞት ድረስ ቤት ውስጥ መዝሙር የምትዘምረው እያንሾካሾከች ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ ድምፅሽን አውጪ ብያት አላውቅም። ያረፈችው አምና በጋ ላይ ነው።

አባቴ አሁን እኔ ጋ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው የሚኖረው። ጆሮው ከብዷል፤ ቀርበው ጮኸው ካልነገሩት አይሰማም፤ ባይሰማም ይስቃል። በሙት ዓመቷ ሰሞን ፉጨት ውሰጂኝ አለኝ። ባጃጅ ይዘን ሄድን፤ የቀረውን ዳገት ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ቤቶች እስከ ወገቡ ድረስ ወጥተዋል፤ አንዱ ወገኑ ለግንባታ ድንጋይ ተፈልጦ ተወስዷል። መጋዘኑ የእንጨት ሥራ ቤት ሆኗል፤ ደጁ ላይ አልጋና ቁም ሣጥን ተደርድሯል። አባ ኮዳዎቹ አሉ። ነፋሱም አለ።

ቋጥኙን ተገን አድርገን ተቀመጥን። አባቴ ቁልቁል ቆርቆሮውን ሲያይ ቆየና፣

«አንድም ቀን አልሰማኋትም» አለኝ።

መጀመሪያ ማንን እንደሚል አልገባኝም።

«እናትሽን። የሚመጣው የድንጋዩ ፉጨት ብቻ ነበር። እየዘመረች መሆኗንም ያወቅሁት የዚያን ቀን ማዕድ ላይ ስትጠይቀኝ ነው።»

ጆሮው ላይ ጠጋ ብዬ ለምን እንዳልነገራት ጠየቅሁት።

«ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ነፍሷን በእጇ ይዛ ዘምራልኝ፣ አልሰማሁም ልበላት?»

ለእናቴ አለቀስኩ። ያን ሁሉ እሁድ ለነፋስ ዘምራ መቅረቷ አንገበገበኝ፤ ሳታውቀው በመሞቷ ደግሞ ደስ አለኝ። አባቴ እንባዬን አይቶ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ።

«አንድ ቀን ግን የሰማሁት አለ» አለ። «እሁድ አልነበረም። ተስፋ የቆረጥኩበት ሳምንት ነው። እጄን ላንሣላቸውና ወደ ልጄ ልሂድ ብዬ ለራሴ ጨርሼ ነበር። የልጆች መዝሙር መጣ። የእነሱን መዝሙር። ይህንንም እዚህ ድረስ ላኩብን ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ሲያልቅ አንዲት ልጅ አሜን አለች። አብሮኝ የታሰረው ሰው ሰማህ ወይ አለኝ። ልጄ ናት አልኩት።»

«እንዴት አወቅኸኝ?»

«አብዮቱን በአሜን የሚዘጋ፣ ከእኔ ቤት ሌላ የት ያደገ ልጅ አለ?» አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «እጄን ሳላነሣ ወጣሁ።»

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀመረች። እንውረድ ብዬ ሳነሣው ክንዴን አስለቅቆኝ ከሐይቁ በኩል ወዳለው ቋጥኝ ሄዶ ቆመ።

«እስቲ በይው» አለኝ።

«ምኑን?»

«እሱኑ።»

ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ ከታች ያሉት ሰዎች አናጺዎቹን ጨምሮ ቀና ብለው ሊያዩኝ ይችላሉ። ቢሆንም ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁ፣ ፊቴን ወደ መጋዘኑ አዞርኩ፣ ባለኝ አቅም «አሜን» አልኩ። ነፋሱ ከአፌ ላይ ነጥቆ ቁልቁል ይዞት ሄደ። አባቴ ከኋላዬ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነው የቆመው፤ በዚያ ላይ ያ ጆሮው። ዞሬ ሰማህ ወይ ብዬ በእጄ ጠየቅሁት።

«አንዱም አላመለጠኝም» አለኝ።